ከእማዬ የደበቅኩት ውጤት

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 6/2009

ዋሸኋት። ሐኪሟ ፊት ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት።

እማዬ ኦፕራሲዮን የተደረገችው ማህፀኗ ወርዶ ነበር። ለስንት ዓመት አፍራ ለማንም ሳትናገር፣ ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ እያሰረች ኖራለች። ባለፈው ሳምንት ማህፀኗን አወጡላት፤ አበቃ ብዬ ነበር። ዛሬ ቁስሉን ለማሳየት ፎርት ዎርዝ ከተማ ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሟ ወንበሯን አስጠጋች። የወጣው ማህፀን ላቦራቶሪ ሲታይ ካንሰር ተገኝቶበታል። ማንም አልጠረጠረም። ሌላ ኦፕራሲዮን ቶሎ ያስፈልጋል፣ ከዚያ ጨረር።

እማዬ በፈረንጅ አፍ የተባለውን አልለየችውም። የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ይቅርብን ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ለእናቴ ከእኔ የተሻለ ማን ይተረጉምላታል ብዬ።

"ምን አለች?"

"ቁስሉ ጥሩ ይዟል፣ ድነሻል አለች።"

እማዬ የሐኪሟን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነቻት። ሐኪሟ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ።

ረቡዕ

የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ሳጥን ላክሁ። በእረፍት ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ከሆስፒታል ደወሉ። የሁለተኛው ኦፕራሲዮን ቀጠሮ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። ቤት ስገባ "ሌላ ትንሽ ኦፕራሲዮን ይቀራል" አልኳት።

"ድነሻል አላልሽኝም እንዴ? የዳነ ሰው ለምን ይቀደዳል? ይልቅ ትኬቴን ቁረጪልኝ፣ አገሬ ልሂድበት።"

በራሴ ውሸት ያዘችኝ።

ሐሙስ

ልነግራት የሞከርኩባቸው ቦታዎች፦ መኪና ውስጥ። ሱቅ ውስጥ፣ ቲማቲም ስትመርጥ። ፀጉሯን ስሠራት፣ ፊቷን ስለማላይ ይቀለኛል ብዬ። አልቻልኩም።

ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ልጅ ብቻዋን ለእናቷ አትነግርም። ለንስሐ አባታችን ደወልኩ። "ብቻሽን አትሸከሚው ልጄ፣ ቅዳሜ በጠዋት እንመጣለን" አሉኝ። ጎረቤታችን አቶ ግርማም "ቅዳሜ ከሥራ ኦፍ ነኝ፣ ሶ እኔና ባለቤቴም እንመጣለን" አለኝ። ከማክሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና እህል ቀመስኩ።

ቅዳሜ

እንዴት አላሰብኩም? እንዴት?

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። አባ መስቀላቸውን ይዘው፣ አቶ ግርማ አንገቱን ደፍቶ፣ ባለቤቱ ነጠላዋን አጣፍታ ገቡ። እማዬ ከመኝታ ቤት ወጥታ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ ሲመጣ ለመርዶ እንደሆነ የማያውቅ ሀበሻ የለም። እኔ ብቻ ረሳሁት።

"ዳዊት" አለች። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ደረቷን እየመታች ወለሉ ላይ ወደቀች፣ ከነቁስሏ።

"ወይዘሮ አስካለ፣ ልጅዎ ደህና ነው፣ ይስሙኝ" ይላሉ አባ። ማን ሰምቷቸው።

"እማዬ፣ ዳዊት ምንም አልሆነም!" ብዬ ጮህኩ። "አንቺ ነሽ የታመምሽው። ካንሰር ነው።"

እንደዚህ ነው የነገርኳት። በጩኸት።

ከወለሉ ቀና ብላ "ደውዪና ድምፁን አሰሚኝ" አለችኝ። የስልክ ካርዱን ቁጥር ስነካ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ዳዊት "ሄሎ፣ እማዬ?" ሲል ሰማችው። ስልኩን ደረቷ ላይ አስደግፋ "ተመስገን" አለች።

የራሷን ካንሰር ሰምታ ተመስገን አለች። ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ሰኞ

ትናንት ሙሉ ቀን አላናገረችኝም። ዛሬ ቁርስ ላይ "ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ" አለች።

"እሺ።"

"እድናለሁ?"

"አላውቅም እማዬ።"

ራሷን ነቀነቀች። ሻይዋን እስከ መጨረሻው ጠጣችና ሐሙስ በስንት ሰዓት እንደምንሄድ ጠየቀችኝ።

ሆስፒታል ደውዬ አስተርጓሚ እንዲመድቡልን ጠየቅሁ። እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ።