ኮምቦልቻ የተሞላችው ጥይት

ውድ ምንይሉ፣

ዛሬ ደሴ ጉም ውስጥ ናት። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችን መስኮት ሆኜ የጎረቤቱን ቆርቆሮ እንኳ ማየት አልቻልኩም፤ የሚመጣው የአላፊ አግዳሚው ድምፅ ብቻ ነው። እንዲህ ባለው ቀን፣ ጣትህ ባሩድ ባሩድ እየሸተተ ከጓዳ ብቅ የምትል ይመስለኛል። ትናንት ሙት ዓመትህ ነበር፤ የሆነውን ልንገርህ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቀብርህ ላይ የሆነውንም እስካሁን የነገረህ የለም። ወንድምህ ደሳለው የአባታችሁን አሮጌ ጠመንጃ፣ ውጅግራውን፣ ይዞ መቃብሩ አጠገብ ቆመ። ጥይቶቹን የሞላሃቸው አንተው ነበርክ፤ ታመህ በተኛህበት ክረምት፣ ያኔ ሊሞቱ ነው ለተባሉት ለሽማግሌው ለአቶ ወልደ ሚካኤል ቀብር ይሆናሉ ብለህ። እሳቸው ግን ድነው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው አንተን ሊቀብሩ መጡ። ደሳለው ቃታውን ሳበ፤ ከሸፈ። ሌላ አጎረሰ፤ እሱም ከሸፈ። ሁሉም ከሸፉ። የአገሩን ሽማግሌ ሁሉ በተኩስ የሸኘህ ሰው በዝምታ አፈር ለበስክ። አንዲት ለቀስተኛ፣ "ለሰው ጮኾ ለራሱ ዲዳ ሆነ" አለች። ያቺ ቃል ዓመቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ጥፋቱ የጉሙ ነው፤ ባሩዱን አርጥቦት ነበር። ደህና ሳለህ በክረምት ደሴ ላይ ባሩድ አትከፍትም ነበር። ባዶውን የጥይት ቀለህ ጠቅልለን፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን፣ ኮምቦልቻ እህቴ እየሩስ ግቢ ደረቁ አየር ላይ እንቀመጥ ነበር። ያበጠ ቀለህ አልገባም ሲል በጉልበት እንዳልገፋው፣ የተሰነጠቀውን ሳላዝን እንድጥለው፣ የጥይቱ እርሳስ ከተነቃነቀ እንደገና እንድጀምር ያስተማርከኝ እዚያ ነው። ደጋግመህ የምትለኝ ግን አንድ ነገር ነበር፦ "አትጠገብ፣ ከሸፈ ብለሽ ቶሎ አትክፈቺው። አፈሙዙን ወደ ሰማይ እንዳደረግሽ ጠብቂ። ዘግይቶ የሚነሳ አለ።"

አንተን ራስህን ነበር የምትነግረኝ። ኢሕአዴግ በገባ ዓመት፣ በተጋባን ሰሞን፣ "ትወደኛለህ?" ስልህ ቀና ሳትል ቀለህ መወልወልህን ቀጠልክ። አኩርፌ አደርኩ። በማግስቱ ሰው ጢም ያለበት ሚኒባስ ሐረጎን ሲወርድ፣ ከመሬት ተነስተህ "ለትናንቱ፣ አዎ" አልክ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። በእፍረት ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ፤ አንተ በመስኮት ታይ ነበር።

ለሙት ዓመትህ ኮምቦልቻ ብቻዬን ወረድኩ። እየሩስ "ቤቴን ልታቃጥዪው ነው?" ብላ ምድጃዋን አጥፍታ፣ እየተነጫነጨች ከግቢው ወጣች። ከሾላው ሥር ተቀመጥኩ። ሳይከፈት የተረፈህ ባሩድ ለአንዲት ጥይት ብቻ የሚበቃ ነበር። መጀመሪያ ያነሳሁት ቀለህ ተሰንጥቋል፤ ጣልኩት። ቀጥሎ ያነሳሁት አብጧል፤ ተውኩት። ደህናውን አግኝቼ ባሩዱን ሳላፈስ ሞላሁት። እሷ ከከሸፈች ሌላ አልነበረኝም።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ደሳለው "ይቅርብን፣ ደግመን እንዳንዋረድ" አለኝ። ለመንኩት። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቀና። መቃብርህን ጉም ሸፍኖት ነበር። ማንም እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ፣ "ምንይሉ፣ ትሰማኛለህ?" አልኩህ።

ቃታው ቀጭ አለ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ሰው አቀረቀረ። ደሳለው ሊከፍተው እጁን ሲሰድ ክንዱን ያዝኩት።

"ቆይ" አልኩት። "እሱ ይዘገያል።"

ጥይቷ ጮኸች። ገደሉ ተቀብሎ አስተጋባው፤ ወፎቹ ከጽዱ ላይ ግር ብለው ተነሱ። አቶ ወልደ ሚካኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ እንደ ሚኒባሱ ቀን አፈርኩና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

ቀለሁን መልሼ አልሞላውም። ትራስጌዬ አስቀምጬዋለሁ።

ሁልጊዜም የምትጠብቅህ፣
አትጠገብ