የአባዬ ጀልባ ላብ

ኅዳር 6

ጠዋት ልብስ አጠብኩ። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ግማሾቹ ውሃ በመቶ ዲግሪ ይቀዘቅዛል ብለው ጽፈዋል። እግዜር ይባርካቸው።

ከሰዓት ጀልባዋ ጋ ሄድኩ። ብርዱ እስኪያልፍ ከወደቡ ጀርባ ያለው ግቢ ውስጥ ድጋፍ እንጨት ላይ ቆማ፣ ላስቲክ ለብሳ ትከርማለች። አባዬ ሳለ እሱ ነበር የሚጠብቃት፤ አሁን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ቀረች። ሁለታችንም ቁልፍ አለን። ሥራው የኔ፣ ወሬው የሱ። ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። ካፒቴን! ገመድ ሲያስር ጣቱን አብሮ የሚያስር ካፒቴን።

ገና ወደ ጓዳዋ ከመግባቴ ጠብታ አንገቴ ላይ ወረደ። ጣሪያው በሙሉ አልቧል። ግድግዳው እርጥብ ነው፣ በመስኮቶቹ ውጭውን ማየት አይቻልም። ላስቲኩን ዞሬ ፈተሽኩት፤ አንድ ቀዳዳ የለውም። ዝናብ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ከየት?

እማዬ ደወለች። «ያቺ ጣውንቴ እንዴት ናት?» አባዬ በእጁ ሠርቶ ከጨረሳት ጀምሮ ጣውንቴ እንዳለቻት ነው። አንድ ቀን ረግጣት አታውቅም። አሁን ግን ሐኪሙ ዓይንሽ ዓመቱን አይዘልቅም ካላት ወዲህ ሐሳቧን ቀየረች። «ብርዱ ሲወጣ ውሃ ላይ አውጡኝ። ምን አይቶባት እንደሆነ ሳይመሽብኝ ልየው።»

ማድረቅ አለብኝ። ሌላ ዓመት የለም።

ኅዳር 7

ትኩሳት እንደያዘው ሰው የምታልብ ጀልባ... ይሄም አለ?

ኅዳር 20

አገኘሁት! የአየር ማስገቢያዎቹ ተወትፈዋል። አንዱ በፎጣ፣ አንዱ በካልሲ። በካልሲ! የወንድ፣ ተረከዙ የተበሳ።

ለወንድሜ ደወልኩለት። «ቀዳዳዎቹን አንተ ነህ የወተፍካቸው?»

 «ብርድ እንዳይገባ ብዬ ነው፣ እቴቴ።»

«ጀልባ ይበርዳታል እንዴ?»

«አይ... እንዲያው ነው።»

እንዲያው ነው! ሙቅ አየር ቀዝቃዛ ጣሪያ ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ መውጫ ካጣ እዚያው ይንጠባጠባል። ይሄን ለልጆች ነው የማስተምረው። ለእሱም አስረዳሁት። «እሺ እቴቴ» አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ካልሲውን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት።

ታኅሣሥ 4

ቀዳዳዎቹ ዳግመኛ ተወትፈዋል። አሁንስ በጋዜጣ። ከዚህ ሰው ጋር አንድ ማኅፀን መጋራቴ ይገርመኛል።

ጀልባ የሚጠግነውን አናጢ ይዤ ነበር የሄድኩት። አንድ ቃል የሚያወጣው አምጦ ነው። ከአልጋው ጀርባ ያለውን እንጨት በቢላው ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገው። ጥቁር ሻጋታ።

«ገና ላይ ላዩን ነው» አለ። «ግን እንዲህ እንደረጠበች ከከረመች አጥንቷ ይበሰብሳል። እኔ ሰው አላሳፍርባትም።»

«ምንድነው የሚያረጥባት?»

«ውስጧ ሙቀት አለ።»

«ሙቀት ከየት ይመጣል? ሰው የሌለባት ጀልባ!»

ትከሻውን ነቀነቀ። ትከሻ ለመነቅነቅማ እኔም ትከሻ አለኝ።

ፍራሾቹ እርጥበት ጠጥተዋል። ሁሉንም ጭኜ ቤት አመጣኋቸው፣ ትርፉ ክፍል ውስጥ ግድግዳ አስደግፌ እያደረቅኳቸው ነው። አንድ የሚሸት ብርድ ልብስም ነበር፤ ጣልኩት። በየጥጉ እርጥበት የሚመጥ ጨው በሳህን አስቀመጥኩ። እስቲ አሁን ታልብና አያታለሁ።

ታኅሣሥ 11

እማዬ ቤት ምሳ። ካፒቴኑም ነበር፤ ሚስቱ አልመጣችም። «ሥራ በዝቶባት ነው» አለ። ለሦስት ሰው የሚበቃ በላ። ይስላል። ከምሳ በኋላ የእማዬ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ገላውን ሲታጠብ ቆየ። ቤቱ ውሃ የለም እንዴ? በዚህ ዕድሜው ፎጣ የምታቀብለው እናቱ ናት።

ሲወጣ ጠጋ አለኝ። «እቴቴ፣ ፍራሾቹ መቼ ይመለሳሉ?»

«አንተን ምን አገባህ? ልትተኛባቸው ነው?»

ሳቀ። ምን ያስቀዋል? ዓይኑን በጨው የታጠበ።

ታኅሣሥ 25

ሳህኖቹ ሞልተው ፈሰዋል። ጨው የለ፣ ምን የለ፣ ሁሉም ውሃ። ጣሪያው ያው ነው። የጋዝ ሽታም አለ።

አሁን ገባኝ። የግቢው ዘበኛ! ያ ወሬኛ ከእግሬ ሥር አይጠፋም ነበር፤ ሰሞኑን ሲያየኝ ይሸሻል። እኔ በሌለሁበት ገብቶ ምግቡን እያበሰለ ነው።

«ወደዚህች ጀልባ የሚገባ ሰው አለ?» አልኩት።

«እኔ አላየሁም፣ እትዬ።» ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

አላየሁም ይላል፣ ማየት ሥራው ሆኖ። የምሄደው እሑድ እሑድ እንደሆነ ያውቃል። በሥራ ቀን እሄድበታለሁ።

ጥር 3

ፈቃድ ወስጄ ጠዋት ሄድኩ። መሰላሉ ተደግፏል። በላስቲኩ ጠርዝ እንፋሎት ይወጣል። እጅ ከፍንጅ! ወጥቼ በሩን በረገድኩት።

ወንድሜ ነው።

ምድጃው ላይ ውሃ ይፈላል። ግማሽ ፊቱ ሳሙና ነው፤ መስታወቷን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ወዲያው ጭጋግ ይለብስበታል፣ መልሶ ይጠርጋል። ወለሉ ላይ የታጠፉት ሸራዎች ተነጥፈዋል። ሸራ ላይ ነው የሚተኛው። ፍራሽ የለማ።

«እቴቴ... ዛሬ አታስተምሪም?»

«እዚህ ነው የምትኖረው?»

«ከሚስቴ ጋር... ተለያየን። ቤት እስካገኝ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «አባዬ በእጁ የሠራትን በትንፋሽህ አበሰበስካት» አልኩት። «እማዬ ዓይኗ ሳይጠፋ የምታየው ያንተን ሻጋታ ነው?» አልኩት። «ሚስትህም ወዳ አላስወጣችህም» አልኩት። ይሄን ሁሉ ስል እሱ ምላጩን እንደያዘ ቆሟል። ጣሪያው ይንጠባጠብበታል።

«እወጣለሁ» አለ። «እማዬ ብቻ እንዳትሰማ።»

ዘበኛው ከታች ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ሳልፍ ሰላም አላለኝም።

ጥር 4

ትርፍ ክፍል አለኝ። የሱን ፍራሽ የማደርቅበት ክፍል።

ጥር 14

ወንድሜ ከጀልባዋ ወጥቷል፤ ስልኩ ዝግ ነው። ጠዋትም፣ በእረፍት ሰዓትም፣ ከትምህርት በኋላም ሞከርኩ። ዝግ።

ሚስቱ ጋ ደወልኩ። «ከወጣ እኮ ቆየ» አለች። «እናንተ ጋ መስሎኝ ነበር። እህቴ አለችኝ ብሎ ነው የወጣው።» እህቴ አለችኝ... ከዚያስ ለምን አልመጣም? ለምን እንዳልመጣ አሁን ራሴን የምጠይቀው ለይምሰል ነው። አፌን ያውቀዋላ።

ሰው የሌለባት ጀልባ አልኩ ለአናጢው። ካልሲ በእጄ ይዤ፣ የሰው ብርድ ልብስ ጥዬ። እንፋሎት ከምን እንደሚመጣ ስንት ዓመት አስተማርኩ? ከልብስ፣ ከድስት፣ ከትንፋሽ። በሰሌዳ እጽፈዋለሁ እኮ። ውሃ በመቶ ዲግሪ ይቀዘቅዛል ያለው ልጅ ከእኔ ይሻላል።

ይሄ ማለት ግን እሱ ጥፋት የለበትም ማለት አይደለም። አንድ ቃል መናገር ያቅተዋል? ካልሲ ከሚወትፍ «እቴቴ፣ በረደኝ» አይልም? ሞኝ። ሁለት ሞኝ ነው አባዬ የወለደው።

ጥር 29

እማዬ ጠየቀችኝ። ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄዷል አልኳት። «ሳይሰናበተኝ?» አለች። 

የካቲት 12

ደረቀች። ጣሪያውን በመዳፌ ዳበስኩት፤ ቅንጣት ውሃ የለም። ሳህኖቹ ውስጥ ጨዉ እንዳለ ተቀምጧል። አናጢው ሻጋታውን ፍቆ፣ እንጨቱን በቢላው ወጋግቶ፣ ከብዙ ምጥ በኋላ «ድናለች» አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ የለመንኩት ይሄንኑ ነው። ውስጧ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሲጨንቀኝ ወጣሁ።

ለእማዬ ነገርኳት። እልል አለች። «በይ ወንድምሽ ይምጣና ሦስታችን እንወጣለን። እሱ ካልመጣ ግን እኔ አልሳፈርም። አንቺ ብቻሽን ትሰድቢኝ የለ፣ ውሃ ላይ የት እሸሻለሁ?» ቀልዷን ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም።

የካቲት 16

ዘበኛው ደወለልኝ። ስልኬን ከየት አገኘው? ትናንት ወንድሜ በአጥር በኩል ሲያልፍ አይቶታል። ግቢውን አይቶ፣ ትንሽ ቆሞ፣ ሄደ አለኝ። ከስቷል አለኝ።

ትምህርት እንዳለቀ ፍራሾቹን ጭኜ ሄድኩ። ብቻዬን መሰላሉን ይዤ ሳወጣቸው ወገቤ ተቆረጠ። አነጠፍኩ። ከአልጋዬ ያነሳሁትን ብርድ ልብስ ጨመርኩ። የቤቴን ቁልፍ ትራሱ ላይ አስቀመጥኩ። ወረቀት ላይ ምን እንደምጽፍ አጣሁ፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ሲጽፍም ይሳደባል። ተውኩት። በሩን ሳልቆልፍ ወረድኩ።

ዘበኛው መሰላሉ ሥር ይጠብቀኛል።

«ከመጣ ምን ልበለው፣ እትዬ?»

«ምንም አትበለው። መሰላሉን ያዝለት።»

«ብርድ ነው፣ ቀዳዳዎቹን መወተፉ አይቀርም። መልሳ ትረጥባለች እኮ።»

«ትርጠብ» አልኩት።