በደሜ ውስጥ ስለቀረው ትኩሳት

ለተከበሩ የደም ለጋሾች ምርመራ አስተባባሪ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ጤና እመኛለሁ፤ ጤነኛ መሆንዎን አምኖ የሚቀበልዎ ሰው እንዲያገኙም ጨምሬ እመኛለሁ፣ እኔ አላገኘሁምና።

እኔ እንድርያስ ባፈና በሾኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከዓመታት በፊት ከጎረቤቴ ከጠና ጋር ለሥራ ድሬዳዋ ሄደን በአንድ ክፍል ስንኖር፣ በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ሁለታችንንም ጣለን። ጉልበታችን አልታጠፍ እስኪለን ታመን፣ ድነን ተመለስን። አምና ደም ስለግስ ባለሙያዎችዎ ለጥናት መርምረው የዚያን በሽታ አንቲቦዲ አገኙብኝ። ሰውነቴ ቫይረሱን ተዋግቶ ያሸነፈበት ምልክት መሆኑንም ራሳቸው አስረዱኝ፤ ከዚያ ከለጋሽነት አገዱኝ። ስለ አሸናፊነቴ ለተሰጠኝ ክብር አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼም እነሆ፦

፩. እገዳው እንዲነሳልኝ ሆሳዕና ከተማ ድረስ መጥቼ ብጠይቅ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ባልደረባዎ በትሕትና «አንቲቦዲው ሲጠፋ ይመለሱ» አለችኝ። መቼ እንደሚጠፋ ብጠይቃት «እሱማ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል፣ መምህር» አለችኝ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ እንዲያክመኝ ብለምነው ደግሞ «አልታመምክም፤ ምንህን ላክምህ?» አለኝ። ለመታከም ጤነኛ፣ ለመለገስ በሽተኛ ሆኜ እንድኖር ስለፈቀዱልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪. «የእንድርያስ ደም አይወሰድም» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ሆመቾ ከተማ ገብቶ፣ እዚያ የሚኖሩት፣ ላገባት የጠየቅኳት የሳባ አባት ሽማግሌዎቼን ከደጅ መለሷቸው። ኤች አይ ቪ እንደሌለብኝ ተመርምሬ ባሳያቸው «ታዲያ መንግሥት በከንቱ ይከለክላል?» አሉ። ይህን ያህል የሚታመን መሥሪያ ቤት ስለሚመሩ እንኳን ደስ አለዎት።

፫. እህቴ ርብቃ ሆስፒታል ወልዳ ደም ሲፈሳት፣ እዚያው ያለው የደም ባንክ ጣቢያዎ ለእሷ የሚሆን ደም አልነበረውም። የእኔና የእሷ ደም አንድ ዓይነት ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ብማጸን ባለሙያው ኮምፒውተሩን አይቶ «የታገደ ነው» አለና ፊቱን አዞረ። እህቴ ከግድግዳው ማዶ እየገረጣች፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ደም ሞልቶኝ ቆሜ ቀረሁ። ክቡር ሆይ፣ እንደዚያ ዓይነት አቋቋም ለማንም አይስጥ።

ጠናን በስልክ ጠራሁት፤ በሞተር እየበረረ መጥቶ፣ ዓይነቱ ከእሷ ጋር መግጠሙ ታይቶ ደም ሰጠ። ከዚያ በፊት ለግሶ ስለማያውቅ በጥናቱ አልተካተተም። ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ጉበት ቫይረስ ብቻ ተመርምሮ፣ በዚያው ክፍል በዚያው ትኩሳት አብሮኝ የማቀቀው ሰው ደም ንጹሕ ተብሎ ገባላት። ርብቃ ተረፈች፤ ሕፃኗም ደህና ናት። ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም፤ ሳባ ዛሬም ስልኬን አታነሳም።

ምርመራውን አልቃወምም። የታመመውን ከዳነው ይለዩልን ዘንድ ብቻ እማጸናለሁ፤ ትንኟ እንኳ ደሜን ሳትጠየፍ ትወስዳለች።

ማንም ከማይቀበለው ደሜ በሚመነጭ ጥልቅ አክብሮት፣
እንድርያስ ባፈና
ከሾኔ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከመሥሪያ ቤትዎ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፦ «ውድ ለጋሻችን፣ የደም እጥረት ስላጋጠመን ዛሬውኑ መጥተው ሕይወት ያድኑ።» መልስ ልልክ ብሞክር፣ ይህ ቁጥር መልስ አይቀበልም አለኝ።