ማግኔት የያዘው ዘንግ

ለብየዳ ጓዴ፣

እንዴት ሰነበትክ? ካርዷ ጠባብ ናትና ያየሁትን አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። እዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዲት ባለሙያ የማይዝግ ብረት ዘንግ ወደ ማግኔት አስጠጋች፤ ማግኔቱ ንክች አላደረገውም። ከዚያ እንደ ጭስ በሚተን፣ ከበረዶ እጅግ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነክራ ስታጣምመው፣ ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፤ የተቆለፈበት ሰው በሩን በጥፍሩ የሚቧጭር ይመስላል። ከሞቀ በኋላ እንኳ ማግኔቱ ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

"ብረት እኮ ውስጡ ንብርብር ነው" አለችኝ። "ሲሞቅ ንብርብሩን ለማዛነፍ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ሲበርድ ግን በትንሹ ይዛነፋል፤ ያኔ ከታጠፈ ጠባዩ ተለውጦ ማግኔት ይይዘዋል።"

እኛ ጋ ከማቀዝቀዣው ክፍል ተጣሞ የወጣውን የማይዝግ ዘንግ ማግኔት ስለያዘው ብቻ፣ "በተራ ብረት ቀይሮታል" ብለን ያስባረርነው የግምጃ ቤት ጠባቂው ጋሼ ትዝ አለኝ። "ልጆቼ፣ ያው ራሱ ነው" እያለ ሲምል ሳቅንበት። ለካ ያው ራሱ ነበር!

ቦታ አለቀብኝ። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፣ ልጆቹንም አገላብጠህ ሳማቸው። ያ ቧጨራ ጆሮዬን አልለቀቀውም። ጋሼ ቤት ብቻዬን ለመሄድ አልደፍርም፤ ስመጣ በሩን አብረኸኝ ታንኳኳለህ።