የሰገነቱ አሸዋ

ለውድ ልጄ ለፔሌግ፤

ሰላምታዬ ባለህበት ባሕር ይድረስህ። ከናፍቆትህ ሌላ የሚያመኝ የለም።

በጎቹን ሸልተናል። ከእናንተ ጋር ዓሣ ነባሪ ልታድን የወጣችው መርከብ ባለፈው ሳምንት ገባች። መርከበኞቹን ስለ እናንተ አልጠየቅኋቸውም፤ ደክሟቸው ነበር።

ከደሴታችን ማዶ ያሉ ሰዎች "የናንተኬት ሴቶች ጣራቸው ላይ ሰገነት ያሠሩት መርከብ ለማየት ነው" ይላሉ። ውሸት! የጭስ ማውጫው እሳት ሲይዝ አሸዋ ልንደፋበት ነው። እኔም አሸዋዬን ይዤ ጠዋት ማታ እወጣለሁ።

ትናንት ጎረቤታችን ኬዝያ ከታች ሆና፣ "እትዬ ዶርቃ፣ በዚህ ሐሩር ምድጃ ሳይነድ ምኑ ነው የሚቃጠለው?" ብላ ጮኸችብኝ።

"አንቺ ድስትሽን ጠብቂ!" አልኳት።

ዛሬ ግን ባልዲ ሙሉ አሸዋ ይዛ ወጣችና አጠገቤ ቆመች።

ዓይንህን የምትስምህ እናትህ ዶርቃ