ፖስተሮቹ ስለተኙበት አዳራሽ

ለተከበሩ የወረዳችን የወጣቶች መልካም ገጽታ ማስተባበሪያ ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? በመጋቢት ወር በተደረገው የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ስለ ወጣቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆመው ሲናገሩ፣ ተቀምጠን የሰማነው እንኳ ለብዙ ቀን ቀና ማለት አቅቶን ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ በግቢያችን የእርስዎን ወገብ ሳያነሳ የሚውል ሰው የለም። ቤተሰብዎም፣ ጸሐፊዎም፣ ጸሐፊዎ በየቀኑ «ገብተዋል» የምትለን ስብሰባም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስሜ ሸዋንግዛው ወልደገብርኤል ነው። የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ በጡረታ የተገለልኩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከግቢያችን አጥር ማዶ ባለው የወጣቶች አዳራሽ ደግሞ ለአራት ዓመት የጠረጴዛ ቴኒስ ዳኛ የነበርኩ ሰው ነኝ። የነበርኩ ማለቴ አርጅቼ አይደለም፤ አዳራሹ ስለተቆለፈ ነው። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማውጣቴን በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ቢሮዎ ገብተው የት እንደደረሱ የሚያውቅ ስለጠፋ፣ አራተኛውን ብዙ ሰው ቢያየው ቢያንስ ምስክር ይኖረዋል ብዬ ነው።

ምስጋናዬን ላስቀድም። በሰፈራችን ድራፍት ቤቱ ከዳቦ ቤቱ በዝቶ፣ ሰኞ ጠዋት ግንባሩ ላይ ፕላስተር የሌለበት ጎረምሳ ማየት ብርቅ በሆነበት በዚህ በ2006 ዓ.ም.፣ ዴስክዎ በስካር የሚነሳ ጠብን በሥዕል እንከላከል ብሎ የፖስተር ውድድር ማወጁ ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ይህችን እንኳ ያለ ሽሙጥ ነው የምላት። የጎረቤታችን የጌጃ ሰፈርና የእኛ የኮንዶሚኒየም ልጆች ሃያ ሦስት ሥዕል አቀረቡ። ለሦስት ሳምንት በሁለቱ ሰፈር መካከል የተነሳ ጠብ ቢኖር ቀዩን ቀለም ማን ጨረሰው የሚል ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ቢያቆሙልን ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ ሐውልት እንዲቆምልዎ የሚጠይቅ ማመልከቻ ነበር። ስላላቆሙ ግን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ አሸናፊው ፖስተር።

አንደኛ የወጣው በከር ነው፤ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ከአባቱ ከጋሽ አብዱልጀባር ጋር የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ ልጅ። የሳለው አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛ ነበር፤ መረቡ መወጠር በነበረበት ቦታ የጠርሙስ ስባሪ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሮ፣ ከአንዱ ወገን ራኬት ተቀምጦ፣ በሌላው ወገን ማንም የለም። ከሥሩ «ስካር ተጫዋች ያሳጣል» ብሎ ጻፈበት። ያየው ሁሉ ዝም አለ፤ የእኛን ሰፈር ዝም ማሰኘት ቀላል እንዳልሆነ ደግሞ ከስብሰባዎችዎ ያውቁታል።

ከዚያ የዴስክዎ ኮሚቴ ጥቂት ማስተካከያ አደረገበት። አንዱ አባል «ጠርሙሱ የየትኛው ፋብሪካ ነው? ማስታወቂያ እንዳይሆንብን» አሉ፤ ጠርሙሱ ወጣ። ሌላው «ሰው የለበትም፤ ወጣቱን የት አደረሳችሁት እንባላለን» አሉ፤ የሥራ ቆብ ያጠለቀ ወጣት ገባ። ሦስተኛዋ «ልማት አይታይበትም» አሉ፤ በጠረጴዛው ቦታ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ በቀለ። በመጨረሻ እርስዎ ራስዎ «ስካር» የሚለው ቃል የወረዳውን ገጽታ ያበላሻል ብለው አስወጡትና «ወጣቶች ሆይ፣ ትርፍ ጊዜያችሁን በወጣቶች አዳራሽ አሳልፉ!» የሚል አስገቡበት። ስካርን የሚቃወመው ፖስተር ስካር የሌለበት ሆኖ ወጣ፤ በሰፈራችን ከስካር ፈጽሞ የጸዳ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

በከር ታትሞ ሲያየው ጠጋ ብሎ፣ ደግሞ ራቅ ብሎ መረመረውና «ጋሼ፣ ምንድን ነው የምንሸጠው? ሲሚንቶ ነው?» አለኝ። አንዲት እናት ደግሞ ከሥሩ ቆመው የኮንዶሚኒየም ምዝገባ እንደገና ተከፈተ ወይ ብለው ጠይቀውኛል።

2ኛ/ ስለ ሽልማቱ።

መጠጥን በመቃወም አንደኛ ለወጣ ልጅ ስድስት የቢራ ብርጭቆ ከነማቅረቢያው ሸልመዋል። ጋሽ አብዱልጀባር ካርቶኑን እስከ ታች ከፈተሹ በኋላ «አልሐምዱሊላህ፣ መክፈቻ አልጨመሩበትም» ብለው አመስግነውልዎታል።

3ኛ/ ስለ አዳራሹ፣ ወይም ስለ ፖስተሮቹ መኝታ ቤት።

አንድ ሺህ አምስት መቶው ቅጂ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ «ለጊዜው» ተብሎ አዳራሹ ውስጥ ተራገፈ፤ ግማሹ በመጫወቻው ጠረጴዛ ላይ፣ ግማሹ ከሥሩ። ፖስተሮቹን መረከብ የነበረባቸው የንብረት ሠራተኛ በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ፤ ርክክብ ያልተደረገበት ንብረት መነካት ስለሌለበትም በሩ ተቆልፎ በወረቀትና በማኅተም ታሸገ። ይኸው ሦስት ወር ሊሞላው ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና የርክክብን ክብር አልክድም፤ ልጅ ደጅ አውሎ ወረቀት ቤት የሚያሳድር አሠራር ግን በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ አላጋጠመኝም።

በታሸገው በር ላይ፣ ከማኅተሙ ጎን፣ አንድ ፖስተር ተለጥፏል። ልጆቹ ይመጣሉ፣ ትርፍ ጊዜያችሁን በወጣቶች አዳራሽ አሳልፉ የሚለውን ያነባሉ፣ ቁልፉን ያያሉ፣ ዞረው መንገዱን ይሻገራሉ። ከፖስተሩ እስከ ድራፍት ቤቱ ደጃፍ ሃያ ስምንት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ለዚያውም በሽማግሌ እርምጃ። ጥበቃውን ሳኒን «እባክህ፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ» ብዬ ብለምነው፣ «ጋሽ ሸዋንግዛው፣ እኔ የተቀጠርኩት ሰው እንዳይገባ እንድጠብቅ ነው፤ ሰው እንዲገባ የሚጠብቀው መደብ ገና አልተፈቀደም» አለኝ። ሳኒን እንዳይቀጡብኝ አደራ፤ መመሪያዎን ከእሱ የተሻለ የተረዳ ሠራተኛ ያለዎት አይመስለኝም።

4ኛ/ ስለ ቃለሕይወትና ስለ በድሉ።

ቃለሕይወት የኮንዶሚኒየም ልጅ ነው፤ በድሉ የጌጃ ሰፈር። በአዳራሹ ጥንድ ሆነው ሲጫወቱ ነጥብ መቁጠር እስኪሰለቸኝ ድረስ ያሸንፉ ነበር። በሩ ከታሸገ በኋላ እነሱም እንደ ሌላው መንገዱን ተሻገሩ። በግንቦት ሁለተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኳስ እየታየ፣ በድሉ አምስተኛ ጃምቦውን ይዞ አጠገቡ ከተቀመጠ ልጅ ጋር «ምን ታፈጥብኛለህ?» «አንተን ማየት ክልክል ነው?» ተባባለ። ቃለሕይወት ሊገላግል መሐል ገባ። በድሉ ጃምቦውን ሲወረውር ቃለሕይወት በእጁ ሊመክት ሞከረ፤ ብርጭቆው እጁ ላይ ተሰበረ። የቀኝ እጁ ጅማት ተቆርጦ ሁለት ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። በድሉ ስካሩ ሲለቀው ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ነው ፖሊስ የወሰደው።

አሁን በዋስ ወጥቷል፤ ከቤቱ ግን አይወጣም። የእኛ ግቢ ልጆች «ይግባና ያያታል» ብለዋል፤ የጌጃ ሰፈሮቹ «ንኩትና እንተያያለን» ብለው መልሰዋል። ድሮ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ዛሬ በሁለት ድራፍት ቤት ተከፍለው ተቀምጠዋል። የቃለሕይወት እናት ወይዘሮ ሀረገወይን ግን ከሁላችንም ቀድመው «ልጁ ይምጣና ዓይኔን እያየ ይንገረኝ። ልጄ እጁን አጥቷል፤ ጓደኛውን ጨምሮ እንዲያጣ አልፈልግም» አሉ። ከሁለቱም ሰፈር የተውጣጣን አራት ሽማግሌዎች፣ ጋሽ አብዱልጀባርም እኔም አለንበት፣ ለማስታረቅ የፊታችንን እሑድ ቀጠርን። ሁለቱም ወገን እስከዚያ ድረስ እጃቸውን እንደሚሰበስቡ ቃል ሰጥተውናል። ከእሑድ በኋላ ስላለው ቀን ቃል የሰጠን የለም።

ክቡር ሆይ፣ በድሉ ወደ እኛ ግቢ አይገባም፣ የእኛ ልጆች ጌጃ ሰፈር አይገቡም። ሁለቱም ወገን የኔ ነው ብሎ የሚረግጠው አንድ ቦታ ቢኖር አዳራሹ ነው። ይህንኑ አስረድተን ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲከፈትልን ብንጠይቅ፣ በጸሐፊዎ በኩል በቃል የደረሰን መልስ «አዳራሹ በንብረት የተያዘ ስለሆነ እርቁ ከርክክቡ በኋላ ቢታሰብበት» የሚል ነው። ለቃለሕይወት ስነግረው ብዙም አልተናደደም። «እኔ እንኳ በግራ እጄ ልለማመድ ነበር፣ ጋሼ» አለኝ፤ «የት ሄጄ?»

ጥያቄውን እንዳለ ለእርስዎ መርቼዋለሁ። መልስ ካለዎት በጽሑፍ ቢሆን እመርጣለሁ።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማኅተሙ ይነሳልን። የፖስተሮቹ ደህንነት ካሳሰብዎ፣ ርክክቡ እስኪፈጸም ድረስ በየአልጋችን ሥር ልናስተኛቸው አርባ ሁለት አባወራና እማወራ ፈርመናል፤ ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ ተያይዟል። እኛ ከወረቀት ጋር መኖር ለምደናል፤ ከቂም ጋር መኖርን ነው ያልቻልንበት።

ወጣቱን በሥዕል ለማዳን ስለደከሙት ድካም፣ ሥዕሉን ከወጣቱ ለማዳን ደግሞ ስለደከሙት የበለጠ ድካም ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ስብሰባዎ ያማረ፣ ማኅተምዎ ቀለም የማያጣ፣ ወንበርዎ ለወገብዎ የሚመች ይሁን እላለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
ጨዋታ ያጣ ዳኛ፣
ሸዋንግዛው ወልደገብርኤል
ልደታ፣ ሰኔ 2006 ዓ.ም.

ግልባጭ፦ በአዳራሹ በር ላይ ለተለጠፈው ባለ ቆብ ወጣት፤ በሄድኩ ቁጥር በሥራ ገበታው ላይ ያገኘሁት የዴስክዎ ባልደረባ እሱ ብቻ ስለሆነ።

ተጨማሪ ቃል፦ ይህን ጽፌ ከፈረምኩ በኋላ፣ የግንቦቱን ጠብ ምክንያት በማድረግ ዴስክዎ ሁለተኛ ዙር የፖስተር ውድድር ሊያውጅ እንደሆነ ሰማሁ። እሰየው ነው፤ እንዲያውም በዚህኛው ዙር ሦስት ሺህ ቅጂ እንዲያሳትሙ እመክራለሁ። ማስቀመጫውን አያስቡ፤ አዳራሹ ስለሞላ ሁሉንም ማዶ ባለው ድራፍት ቤት ያራግፉልን፣ ርክክብም እንዳያደርጉ፣ እንደ ልማድዎ ያሽጉት።