የኬኩ ሳህን

ቨርናዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ ያለው የፍሎሪዳ ባሕር ያምራል፤ የእኔ ንዴት ግን አልበረደም።

ዛሬ ጠዋት የኮሌጃችን ፉትቦል ልጆች ቁርስ ላይ እያሉ አሰልጣኝ ክሬል ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ ያረፍንበት ሆቴል በር ላይ ያዝኩት። አንቺ የላክሽለትን የኮክ ኬክ ከነሳህኑ ታቅፎታል። ሌላ ኮሌጅ ቀጥሮት ሊሄድ ነው። ዘንድሮ አሥራ ሁለት ጨዋታ ተጫውተን በአንዱም ሳንሸነፍ፣ ዋንጫው ነገ ሆኖ፣ አንድ ቀን መታገስ አቃተው። "ወይዘሮ ሎርና፣ ልጆቹን እኮ እንደ ቤተሰቤ ነው የማያቸው" አይለኝም መሰለሽ!

በሩን በትከሻው የሚሞላው ተከላካያችን ታቪዮን ለካ ከኋላዬ ቆሟል። "እህቴ ስትዳር ልሂድ ብዬ ስለምንህ፣ በውድድር መሃል ቤተሰብ ጥሎ አይኬድም ብለኸኝ አልነበር?" አለው።

ሰውዬው ሰዓቱን አየ። በቃ፣ ሰዓቱን።

እኛ ነብራስካ የጎረቤቱ በቆሎ ተሰብስቦ ሳያልቅ ማጨጃ ማሽኑን ይዞ የሚሄድ ሰው ቢኖር ማን ሰላም ይለዋል? ሳህንሽን ከነኬኩ ከእጁ መንጭቄ ወሰድኩ።

ቦታ አለቀብኝ። ጉልበትሽን አደራ፣ ብዙ አትቁሚበት፤ ባልሽንም ሰላም በይልኝ። ነገ ብንሸነፍም ስንመለስ ወጥታችሁ ልጆቹን ተቀበሏቸው። ኬኩን ልጆቹ ከቁርስ ወጥተው እዚያው በር ላይ ቆመው በእጃቸው ጨረሱት። ሳህኑን አላጠብኩትም፤ የጣታቸው ምልክት እንዳለ አመጣልሻለሁ።

ሎርና